ሩርድ መሪውን የያዘ ዕለት

— ሄሎ?... ማን ልበል?... ጄልመር! ቆይ ልጄ፣ ሞተሩን ላጥፋው... እሺ። አሁንስ ትሰማኛለህ?

— ቤት ደውለህ ነበር?... የለንማ። ውሃ ላይ ነን። አሁን እንኳ ዋውድሰንድ ወደብ ጀልባ አስረን ቆመናል... በአባትህ ጀልባ ነዋ! በማን ጀልባ ልሄድ ኖሯል?

— አትጩህ... አዎ፣ አብሮኝ ነው። ደህና ነው... እንደማያይማ አውቃለሁ! አርባ ሦስት ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ፣ አንተ ትነግረኛለህ?

— መጀመሪያ ስማኝ፣ ከዚያ ትቆጣለህ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ፣ ከጥር ጀምሮ፣ እንዴት እንደከረመ ታውቃለህ?... አታውቅም። እሑድ አንተ ስትመጣ ልብሱን ለባብሶ ይጠብቅሃል። ሌላውን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። ጀልባዋን ሽጥልኝ ያለህ ዕለት እህል አልቀመሰም። ትናንት ጠዋት ደውለህ ገዢው ቅዳሜ ይመጣል ስትለኝ፣ ስልኩን ዘጋሁና "ተነስ ሩርድ፣ ሄደን እንሰናበታት" አልኩት።

— ማን ይነዳል? እኔ ነኛ!... ሳቅ፣ ሳቅ። እውነትህን ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ጀልባ ላይ ድንች ስልጥና ገመድ ስወረውር ነው የኖርኩት። አይልስት ስንደርስ ድልድዩ ለጀልባ ተከፈተና አረንጓዴው መብራት በራ፤ ገባሁ። ከጎን ነፋስ መጣና... ጓ! የድልድዩን እንጨት በጀልባዋ አፍንጫ ገጨሁት። ዳር ላይ ቢራ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የድልድዩ ጠባቂ ደግሞ "እመቤት፣ የከፈትኩት በዚህ በኩል ነው!" ብሎ ይጮሃል። ውሃው ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። አባትህ ምን አደረገ መሰለህ?... ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ጄልመር። "ሂልትየ፣ እኔ ሳላይም ከዚህ የተሻለ እገባ ነበር" አለኝ።

— ከዚያማ?... ቆይ፣ እነግርሃለሁ።

— ሄግ መንደር፣ ሐይቁ ዳር አደርን። ዛሬ ሐይቁ ላይ ወጥተን መሃል ስንደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። ከሥር የሚሽከረከረው ነገር ላይ የውሃ ሣር ተጠምጥሞበታል... አሁንማ አወጣሁት፤ ስትደውል እየሞከርኩት ነበር። ብቻ ያኔ ነፋሱ ይገፋናል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ተማሪ የጫነ ትልቅ የሸራ መርከብ ይመጣል። እኔ "ሩርድ! ሩርድ!" ከማለት በቀር ምንም አልቻልኩም። እሱ ተነሳ። ገመዱን እየዳሰሰ ወደ ፊት ሄደ፣ የጀልባችንን ሸራ ራሱ ሰቀለ... ብቻውን! እጁ አንድም ነገር አልረሳም። ተመልሶ መጣና "መሪውን ስጪኝ፣ አንቺ የምታዪውን ንገሪኝ" አለ። "መርከቡ በቀኝ ነው፣ ቀርቦናል" አልኩት። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ፤ በጉንጩ ነው የሚያየው። ጀልባዋ ጋደል አለችና መሄድ ጀመረች። በመርከቡ ኋላ በኩል ስናልፍ ልጆቹ እጃቸውን አወዛወዙ። ነገርኩት። እሱም አወዛወዘላቸው... ወደ ሌላ አቅጣጫ! ከዚያ ወዲያ እዚህ እስክንደርስ መሪውን ስጠኝ ብለው ወይ ፍንክች።

— ልክ ነህ። አደገኛ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ልጄ፣ ግድግዳ ሲያይ እንዲያልቅ መተውስ?...

— ገዢውን? እኔ አልወስንም። ቆይ ልጠይቀው። ሩርድ! ጄልመር ነው፣ ገዢውን ምን ልበለው ይላል... እ? ዋጥ አድርግና ተናገር... "ገዢው አይምጣ በይው" ይልሃል። አፉ በስኳር ዳቦ ተሞልቶ ነው የሚያወራው።

— ወዴት? ነገ ወደ ስሎተን ከተማ ነዋ... በመኪና ልትወስደን ከሆነ አትምጣ። ከእኛ ጋር ልትሳፈር ከሆነ ና... አውቃለሁ፣ ውሃ እንደማትወድ። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። ልጅ ሳለህ አባትህ መሪውን ከእጅህ እየነጠቀ ሲጮህብህ እኔስ እዚያው አልነበርኩም? ዝም ማለቴ...

— ቆይ፣ አባትህ ሰምቶኛል። የሆነ ነገር ይላል... "ነገ ይምጣና ይንዳ፣ እኔ ጎኑ እቀመጣለሁ" ይላል... ምን አልክ ሩርድ?... "በከንቱ ጮኼበታለሁ። በድዬዋለሁ" አለ።

— አልቅስ ልጄ፣ እየሰማሁህ ነው። ተንፈስ... ተንፈስ፣ አልቸኩልም።

— ነገ ረፋዱ ላይ? እሺ... ምን ብዬ ልንገረው?... አይ፣ ይሄንንስ እኔ አልነግርልህም። አንተው ንገረው። ሩርድ፣ እጅህን ዘርጋ... ወደዚህ፣ ወደ ግራ... እንካ ስልኩን። ልጅህ ነው።