ቆይማ፣ ገና እየሰሙ ነው

እትዬ ቆይማ ሥራ በጀመሩበት ዕለት የአንድ አገር ልዑክ ሊፈርም ሲል ብዕሩን አስቀምጧል። ይኼን ታሪክ የማያውቅ ካለ እዚህ ቤት አዲስ ነው ማለት ነው፤ ለእሱ ስል በዛሬው የጡረታ ሽኝታቸው ላይ ልናገር።

በዕድሜ ታናሻቸው ብሆንም በአስተርጓሚዎቹ የመስታወት ክፍል ውስጥ ግን ቀዳሚያቸው ነኝ። ያን ቀን ጠዋት አጠገቤ አስቀምጬ፣ “ይቺ የድምፅ ማጉያው ማብሪያ ናት። ይቺ ደግሞ ሲያስልዎ የሚጫኗት ናት፤ እሷን ከተጫኑ አዳራሹ አይሰማዎትም” ብዬ አሳየኋቸው። ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ “ገብቶኛል” አሉኝ። ታች አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው ስለ ሰብል ተባይ የወጣ አንድ ስምምነት እያስነበቡ ልዑካኑን ያስፈርማሉ። መሀል ላይ አንዱ ዓረፍተ ነገር እትዬን አልጣማቸውም። ወደ እኔ ዞር አሉና “ቆይማ” አሉ። ቁልፏን አልተጫኑም! በእኛ ቋንቋ የሚያዳምጠው ሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ “ቆይማ” ገባ። ሊፈርም ያጎነበሰው ልዑክ ብዕሩን አስቀምጦ ቀና አለ። ሰብሳቢው “ችግር አለ?” ብለው ሲጠይቁት፣ “ቆይ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?” አላቸው።

ይኸው እዚህ የተቀመጡት የዛሬው ክቡር ሰብሳቢያችን ገና አሁን ሳቁ። አትፍረዱባቸው፤ የእኛን ቋንቋ ስለማይሰሙ ከጎረቤት ክፍል የመጣችው ባልደረባችን በጆሯቸው እያንሾካሾከች ነው። ቀልዱ ለእናንተ ትኩሱን ደረሰ፣ ለእሳቸው በረድ ብሎ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስማቸው እትዬ ቆይማ ሆኖ ቀረ። እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም፤ እንዲያውም ቀን በቀን ይሠሩበታል። አንድ ጠዋት ከእሳቸው ጋር አሳንሰር ውስጥ ገባን። ስብሰባ ረፍዶብናል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። እትዬ ቁልፎቹን ትኩር ብለው ያያሉ። “ቆይማ” አሉኝ፣ “የበሩ መዝጊያ ቁልፍ እንዲህ ተፍቃ መክፈቻዋ ለምን አዲስ ሆነች?” እኔ ምን አውቃለሁ! ከአሳንሰሩ ስንወርድ የአሳንሰሩን ጠጋኝ ፈልገው ጠየቁት። “እትዬ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሁሉም ሰው ቸኩሏል” አላቸው። እሳቸው ግን በዚህ መልስ አልረኩም። ቀኑን ሙሉ “ማን ነው መክፈቻዋን የማይጫነው?” ሲሉ ዋሉ።

ባለቤታቸው እዚህ ስላሉ አንድ ምስጢር አወጣለሁ፤ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ። እንጋባ ብለው ሲጠይቋቸው የእትዬ የመጀመሪያ መልስ “ቆይማ” ነበር አሉ። ሰውዬው ደግ ሰው ናቸውና ቆዩ። ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ? ይኸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው፤ ዛሬም እንደቆዩ ናቸው።

እትዬ ጫማቸውን ሳያወልቁ አስተርጉመው አያውቁም። የተናደደ ልዑክ ሲደርሳቸው በጠረጴዛው ሥር በባዶ እግራቸው እኔን ይረግጡኛል፤ ድምፃቸው ግን ማር ነው። ብዕሬን ወስደው ፀጉራቸው ላይ ይሰኩና “ብዕርህ የት ሄደ?” ብለው መልሰው እኔኑ ይጠይቁኛል። ዛሬም ሰክተዋል፣ እዩት። እትዬ፣ ይውሰዱት፤ መርቄልዎታለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የምንሠራበት ድርጅት የሰብል በሽታ ሲነሳ አባል አገራትን ያስጠነቅቃል። ምርመራ ጣቢያ የት ይከፈት፣ የቱ ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። እዚያ ደግሞ ሁሌም አንድ ክርክር አለ፤ የምክር ቤቱ ወንበር ለየትኛው አገር ይሰጥ፣ ስንቱ በዙር ይሁን፣ ከኋላ ያሉት መቼ ወደፊት ይምጡ እየተባለ። እኛ ያንን ክርክር በየዓመቱ ስናስተረጉም አርጅተናል። አስተርጓሚ አቋም የለውም። ሰውየው “እኔ” ሲል “እኔ” እንላለን፣ ያኛው “እኔ” ሲል ደግሞ “እኔ” እንላለን። ማታ ቤት ስንገባ የራሳችን እኔ የቱ እንደሆነ ይጠፋብናል። ዛሬ ግን ማዳመጫ አላደረግሁምና እኔ ስል እኔው ነኝ።

አንድ ጊዜ ምክር ቤቱ አንድ ጣቢያ እንዲዘጋ ወሰነ። ማንም አልተቃወመም። “ተቃውሞ ያለው አለ? ከሌለ ጸድቋል” ተባለ፣ መዶሻው ወረደ፣ አለቀ። በዕረፍት ሰዓት እትዬ ሻይ ሊቀዱ ሲወርዱ ጣቢያው የሚዘጋባት አገር ልዑክ መስኮቱ ጋ ቆማለች። የሰብል ሐኪም ናት፤ እዚሁ መሀላችን ተቀምጣለች፣ ስለመጣሽ ደስ ብሎናል። አንዱ ባልደረባዋ “የራስሽ ጣቢያ ሲዘጋ እንዴት ዝም አልሽ?” እያለ ይወቅሳታል። እሷም “መቼ ተጠየቅሁ?” አለችው።

እትዬ ሻዩን ትተው መጡ። “ቆይማ” አሉኝ፣ “አልተጠየቅሁም ትላለች። ጥያቄውን እኮ በእኔ አፍ ነው የሰማችው! እንዴት አልተጠየቀችም?” የስብሰባውን የድምፅ ቅጂ አስከፍተን አብረን አዳመጥን። እኛ ሰብሳቢውን በቀጥታ አንሰማም። እሳቸው በቋንቋቸው ይናገራሉ፣ ጎረቤት ክፍል ያሉት አስተርጓሚዎች ተቀብለው ይተረጉማሉ፣ እኛ ከጎረቤት ተቀብለን ለልዑካኑ እናደርሳለን። ቅብብሎሽ ነው። እትዬ “ተቃውሞ ያለው አለ?” የሚለውን ተርጉመው ሳይጨርሱ መዶሻው ከሥር ቀው ሲል ይሰማል። መልሰው መላልሰው አዳመጡት። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ተናገሩ፦ “ዝም ያሉት ተስማምተው አይደለም። ገና እየሰሙ ነው።”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ይኼ ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አገርም ስለራሱ ጉዳይ መጨረሻ ላይ የሚሰማበት ስብሰባ አለ! ሐኪሟ ወንበር አላት፣ ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ ፊቷ ተቀምጧል፣ ጥያቄው ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ደረሳት። ስንቱ ውሳኔ እንዲህ አልፎ ይሆን? እኔ እንጃ፤ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

እትዬ አልጮኹም፣ ማንንም አልከሰሱም። የዚያን ጊዜውን ሰብሳቢ “አንድ ነገር ላሳይዎት” ብለው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ማዳመጫ አስደረጓቸው። ሰብሳቢው ጥያቄውን ጠየቁ፣ መዶሻውን መቱ፣ ከዚያ የገዛ ጥያቄያቸው በእትዬ ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ሲገባ ሳቁ። ቀጥለው “ጉዳዩ እንደገና ይቅረብ” አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ እንደገና ቀረበ። እትዬ ተርጉመው ሲጨርሱ “ደርሷል” ለማለት ከመስታወቱ ጀርባ እጃቸውን አነሱ፤ መዶሻው እስከዚያ አልወረደም። የሰብል ሐኪሟ ለመናገር ፈልጋ የስም ሰሌዳዋን አቆመች። ከኋላ ረድፍ ሌላው አቆመ፣ ቀጥሎ ሌላው። ጣቢያው በግማሽ ሠራተኛም ቢሆን ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢ ቢለዋወጥም ያቺ እጅ ሳትነሳ መዶሻ ወርዶ አያውቅም። ግን የትም ደንብ ላይ አልተጻፈችም። አንዳንዶች ጊዜ ታባክናለች ይላሉ። ሰኞ ምክር ቤቱ ስለ ወንበር ክፍፍል ሊወስን ይቀመጣል፣ እትዬ ግን የሉም። እጁን እኔ አነሳለሁ። የእኔን እጅ ማንም ባያየውስ? የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ክቡር ሰብሳቢ፣ ይኼን የምናገረው ለእርስዎ ነው፤ እስኪደርስዎት እጠብቃለሁ።

እትዬ፣ ከእርስዎ ጋር አንድ መስታወት ውስጥ ማርጀት ደስ ይላል። ዝም ያለ ሰው ሳይ መጀመሪያ ሰምቶ እንደሆነ ማጣራት ከእርስዎ ተማርኩ። ቤቴ ውስጥ እንኳ ልጄ ዝም ስትል ተስማምታ ነው ማለት ትቻለሁ። አመሰግናለሁ፣ እወድዎታለሁ። ጡረታዎ ከጋሼ ጋር ጫማ አውልቀው የሚቀመጡበት፣ የሚያስቸኩል በር የሌለበት ይሁንልዎ። ዕድሜው ከጤና ጋር ይርዘም። ጥያቄዎም አይጥፋብዎት፤ ጠያቂ ያጣ ቤት ይበርዳል።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። እትዬን በክብር እንሸኝ የሚለው ሐሳብ ቀርቧል። ተቃውሞ ያለው አለ? ከሌለ፣ ጸድ—

ምን አሉ ክቡር ሰብሳቢ?

“ቆይማ” አሉ። በእኛው ቋንቋ፣ በራሳቸው አፍ! ወዴት ነው የሚያመለክቱት? ወደ እትዬ እጅ ነው። እውነታቸውን ነው፣ ገና አልተነሳችም።

ብርጭቆውን ዝቅ አድርጉ። እንጠብቃለን። እትዬ፣ ዕንባዎን ይጥረጉ፣ አንቸኩልም።

ይኸው ተነሳች። ደርሷል።

ለጤናዎ፣ እትዬ ቆይማ።