ምስጢር ያበራችው አምፖል

«መብራቱ ስላነሰው ነው» አለ ፒያሳ የመብራት ዕቃ የሚሸጠው አወቀ። «መብራቱ ስለበዛበት ነው» አሉ የመሪጌታ ህሩይ ባለቤት ወይዘሮ ሐረገወይን። ክርክሩ እነመሪጌታ ቤት ባለች ትንሽ የዓሣ ገንዳ ውስጥ እየሞተ ስላለ የውኃ ተክል ነበር።

የደረስኩባቸው የምጣድ ሶኬት ልገዛ ገብቼ ነው። ገንዳውን አውቀዋለሁ። ልጃቸው ምስጢር የኮሌጅ ጓደኛዬ ነበረች፤ ታማ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ከቀብሯ ወዲህ ቤታቸውን ስላልረገጥኩ አንገቴን ደፋሁ።

አወቀ ለዓሣ ገንዳ የተሠራ ውድ መብራት አውጥቷል። አጠገቡ የቆሙት መሪጌታም ትክል ድንጋይ ከተማ እህታቸው ዘንድ ያለውን፣ ለሙት ዓመቷ የሚታረደውን በግ ሸጠው ሊገዙት ቆርጠዋል።

«የኔታ፣ ቤት ያለው የገንዳው መብራት በቀን ስንት ሰዓት ይበራል?» አልኳቸው።

«እሷ ያበራችውን እኔ አላጠፋም። ሌት ተቀን ይበራል።»

«ለዓሣ ማኅሌት የቆመ ሰው ያየሁት የኔን ባል ነው» አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን።

«ተይ አንቺ። የመቅደስ መብራት ይጠፋል?»

«የኔታ፣ ገንዳው እንደ ማሳ ነው» አልኩ። «ብርሃን ሲበዛ ተክሉ ተጠቅሞ የማይጨርሰውን አልጌ የሚባለው የውኃ ሽበት ይወስደዋል፤ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ ከሆነ በእሱ ነው። ዓሣዎቹም ጨለማ ያርፉበታል።»

«ዓሣ ዓይኑን አይከድን፤ ማረፉን በምን አወቅህ?»

«ስለማይከድንማ ነው ጨለማ የሚያሻው።»

አወቀ ሳቀ። «እና የኔ መብራት አይረባም ልትል ነው?»

«ለትልቅ ገንዳ ሸጋ ነው። ለዚህች ግን ካርቶኑ ላይ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ኬልቪን የሚል ተራ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ይበቃል፤ ብርሃኑ የቀን ብርሃን ይመስላል። በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ካበሩት፣ ገንዳውንም ከመስኮት ፀሐይ ካራቁት ሌላ አይፈልግም።»

«እሱን ግዛልኝ እንግዲያ» አሉ መሪጌታ።

«ቤት ያለው እሱው ነው፣ የኔታ። ከምስጢር ጋር ከዚሁ ሱቅ ነው የገዛነው።»

መሪጌታ ባንኮኒውን ተደገፉ። «ሆስፒታል ተኝታ ‹አባባ፣ ሲመሽ አጥፋው› ብላኝ ነበር። ለመብራት ክፍያ የተጨነቀች መስሎኝ ‹አይዞሽ፣ አባትሽ አለ› አልኳት። ከአራቱ ዓሣ ሁለቱ ሞቱ። ከተከለችውም የቀረው አንድ ሥር ነው።»

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ አንድ ቀን ጎራ ብል ኖሮ ገና ተክሉ ለምለም ሳለ እነግራቸው ነበር። እሳቸውን ያሳሳታቸው ፍቅር ነው፤ እኔን ያስቀረኝ ግን ስንፍና ነው።

«የሞቱት አይመለሱም፣ የኔታ» አልኩ። «ሥሩ ካልበሰበሰ ግን ያቆጠቁጣል። አልጌው ይቀንሳል፣ ሁለቱ ዓሣዎች ያርፋሉ፣ በጉም ለሙት ዓመቷ ይቀራል። ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ይብራ።»

መሪጌታ ውዱን መብራት ወደ አወቀ ገፋ አደረጉና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«በሦስት ሰዓት፣ በሠለስት ጸሎት አበራዋለሁ» አሉ፤ «በአሥራ አንድ፣ በሠርክ ጸሎት ደግሞ እኔው በእጄ አጠፋዋለሁ።»