ያኔም ስድስት፣ ዛሬም ስድስት

«ቪትዬ፣ ከኩስኩሱ ጨምሪ እንጂ፤ መረቁ የዓሣ ነው፣ አይከብድሽም። ነፋሱም ጋብ ማለቱ ደግ ሆነ... ለክርስትና እንዲህ ያለ ሰማይ ከየት ይገኛል?»

ክሮቺፊሳ ይህን ስትል ፊቷን ወደ ባልንጀራዋ ወደ ቪታ አዙራ ነው፤ ድምፅዋን የለካችው ግን ከጀርባዋ ላለው ጠረጴዛ ነበር። እዚያ የተቀመጠው የወንድሟ ልጅ ነው፤ እሷው አዝላ ያሳደገችው፣ ተምሮ የባሕር ተመራማሪ የሆነው፣ የዛሬው ሕፃን አባት። ወንድሟ ካፒቴን ጋስፓሬ ከድግሱ ቀርቷል። አርባ ዓመት ከጥልቁ ባሕር ቀይ ሽሪምፕ የጎተተባትን ጀልባ በመጋቢት ቆራርጠው ለብረት ወስደውበታል፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጣም። ክሮቺፊሳ ጠዋት ልታመጣው ሄዳ ነበር። ካናቴራውን እንኳ አልቀየረም፤ ሂጂ አንቺ ብሏት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወንድምሽ የት ቀረ ይሉኛል። እግሩን አሞት ነው እላለሁ። መቼስ የሚያመው እግር ነው፤ ልብማ በዚህ ዕድሜ ምን ሊያመው?... ሕፃኑን አየሽው? ሲያምር! ስሙም ኢግናዚዮ፤ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስም። ድሮ የበኩር ልጅ በአያቱ ስም ይጠራ ነበር... ጋስፓሬ ደግሞ ምን ስም ነው? ዝገት ዝገት ይላል።»

ቪታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከጀርባቸው ሳቁ ቀነሰ።

«መማር ደግ ነው እኮ። እኔ መሃይሟ የወንድሜን ደብተር ሳይ ራሴን ያዞረኛል፤ ስንት ሣጥን ወጣ፣ መረቡ ስንት ሰዓት ታች ቆየ... ሰዓት ምን ያደርጋል? የተማረ ሰው ደብተሩን ተቀብሎ ሰዓቱን ሲተወው እንዴት ቀለለ! ያኔ በቀን ስድስት ሣጥን፣ ዛሬም በቀን ስድስት ሣጥን፤ ባሕሩ ሙሉ ነው። ያኔ ስድስት ሰዓት ተጎትቶ፣ ዛሬ አሥራ ስምንት ሰዓት ቢጎተትስ? ቀን ያው ቀን አይደለም እንዴ? ከአንጀት ከቆጠሩ ሽሪምፕ አይጎድልም።»

ጋስፓሬ ያንን ደብተር ለልጁ የሰጠው ሌላ ተስፋ ይዞ ነበር። ሽሪምፑ የሚወጣበት የባሕር ክልል ለሁለት ዓመት ከመረብ ይረፍ ብሎ ማኅበሩን ሲለምን ከርሞ፣ የገዛ ልጁ አጥንቶ እንዲመሰክርለት ነበር የፈለገው። ጥናቱ ግን የሚያዘው መጠን አልቀነሰም ብሎ ወጣ፤ ማኅበሩም ጥናቱን ይዞ ዕረፍቱን ውድቅ አደረገ። ትላልቆቹ ጀልባዎች ቦታውን ሙልጭ አድርገው ወደ ሩቅ ባሕር ሄዱ። የጋስፓሬ ትንሽ ጀልባ መከተል አልቻለችም፤ ያለ ሥራ ቆማ ቆይታ ለብረት ተቆራረጠች።

«ግን ውለታውን መካድ ኃጢአት ነው፣ ቪትዬ። እኔ ወንድሜን አርባ ዓመት በቃህ፣ ዕረፍ ብዬ እምቢ ያለኝን፣ ልጁ በአንድ ወረቀት አሳረፈልኝ። ባሕሩ ይረፍ ብሎ ለምኖ ራሱ ዐረፈ... ጸሎት እንዲህ ነው የሚሰማው። ማኅበሩም ለልጁ ቢሮ ሰጥቶታል አሉ፤ መስኮቱ ወደቡን ያሳያል። የቆመ ጀልባ ስለሌለ እይታው አይከለልም። እውነትና ሽሪምፕ እያደር ይሸታል የሚሉት ምቀኞች ናቸው፤ አፍንጫቸውን ይያዙ።»

ከኋላዋ ወንበር ተንቀሳቀሰ። የወንድሟ ልጅ ሕፃኑን እንደታቀፈ ቆሟል፤ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ክሮቺፊሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ሕፃኑን ልትስም ጎንበስ ስትል ቁጣዋ ለአፍታ ከዳት፤ አገጩ ቁርጥ የጋስፓሬን ነበር። ግንባሩን ስማ ቀና አለች። ከዚያ አባትየውን ሳታይ፣ ቪታን እያየች፣ እጇን ዘረጋች።

«አሜን በይ፣ ቪትዬ። እግዚአብሔር ሕፃኑን ያሳድግልን፤ ለአባቱም ረጅም ዕድሜ ይስጠው። እሱ ለአባቱ እንደሆነለት፣ ይሄም ልጅ ለእሱ ልክ እንዲያው ይሁንለት።»