«ጌት» እና አንዱ በሬ

ከጎንደር ወደ ወረታ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የማይተዋወቁ አንዲት ተማሪና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል።

«ትምህርቱን ትቼ አገሬ ልገባ ነው፣ አባባ።»

«ምነው ልጄ?»

«እንግሊዝኛው መረረኝ። ጌት የሚሉት ቃል አለ። ማግኘት ነው ብዬ አጠናሁ። አፕ ሲከተለው መነሳት ነው አሉኝ፤ ኢን ሲከተለው ደግሞ መግባት። ስንቱን ልሸምድድ?»

«እኔ ያለኝ አንድ በሬ ነው።»

«ታዲያ በምን ያርሳሉ?»

«ከጎረቤቴ በሬ ጋር አቀናጅቼ ነዋ! ብቻውንማ ቆሞ ከመዋል በቀር ምን ያውቃል? ቃልሽንም ከነጓደኛው ያዢው።»

ለብቻዋ ታነበንብ ጀመር።

«ጌት አፕ... ጌት ኢን...»

ይፋግ ስንደርስ ብድግ አለች።

«ወራጅ አለ!»

«ወረታ አልደረስንም እኮ፣ ልጄ።»

«ወደ ጎንደር ልመለስ ነው።»

የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን እስከ ወረታ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።