ዳንቴል የለበሰው ቻርጀር

ከቆሼ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አዲስ ስልካቸውን አጠገባቸው ላለው ወጣት አሳዩት።

«ልጄ ናት ከጅዳ የላከችልኝ። ቻርጀሩ ሰሃን ነው የሚመስለው። ገመድ ሳትሰኪ ስልኩን ላዩ ላይ ብታስቀምጪው ይሞላል ብላኝ ነበር። ወላሂ፣ ቢያድርም አይሞላም! ይኸው ዘግቷል። ዛሬ ማታ ስትደውል በምን ላነሳላት ነው?»

«መብራት ነበር?»

«ቴሌቪዥኑ ይሠራል እኮ።»

«ቻርጀሩን የት አስቀመጡት?»

«ቴሌቪዥኑ አጠገብ። አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሼዋለሁ።»

«ስልኩንስ?»

«ዳንቴሉ ላይ ነዋ!»

«እማማ፣ ዳንቴሉ ወፍራም ነው?»

«አራት ቦታ አጥፌዋለሁ፤ እንዲመቸው።»

ወጣቱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው። ስልኩ ከቻርጀሩ ከራቀ አይሞላም። ዳንቴሉን ያንሱት።»

«አላነሳም! ልጄ ከመሄዷ በፊት በእጇ የሠራችው ነው። ቤቴ ውስጥ ዳንቴል የሌለው ዕቃ የለም፤ እሷ የላከችውን ራቁቱን ላስቀምጠው?»

«እንግዲያው ከቻርጀሩ ሥር ያንጥፉት።»

«ከሥር?»

«አዎ። ዳንቴሉ ከታች፣ ቻርጀሩ መሃል፣ ስልኩ ከላይ።»

«ጠርዙ ይታያል?»

«ዙሪያውን!»

«ማሻአላህ! ወራጅ አለ!»

«እማማ፣ ቡታጅራ ገና ነው እኮ።»

«ቡታጅራማ ላሠራው ነበር የምሄደው። ተመልሼ ልሰካው እንጂ!»

እኔም ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና ራቁቱን ሳየው አሳዘነኝ።