የረፋዱ ሻይ እና አዲሱ ራውተር

ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ እያለን፣ ባለቤቴ ቤት ሆኖ በኢንተርኔት ይሠራ ስለነበር ሁዳዴ ሲገባ ፈጣን መስመር አስገባን፤ ራውተሩም ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ረፋድ ላይ ራውተሩ ጥፍት እያለ እንደገና ይነሳል። ባለቤቴ ከአሠሪዎቹ ጋር እያወራ ስለሚቋረጥበት "ይኼ ዕቃ ከሥራ ሊያስባርረኝ ነው!" ይላል። ገመዱንም ቦታውንም ቀየርን፤ ግራ ገባን። የጠራነው ባለሙያ ነካክቶ አየውና፣ "አሮጌው ይችለው ነበር፤ ይኼኛው መብራት ትንሽ ሲደክም ይጠፋል። ረፋድ ላይ ምድጃ ወይም ውሃ ማፍያ ትሰካላችሁ?" አለ። ጓዳ ዘግቼ ሻይ የማፈላው በዚያ ሰዓት ነበር። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን ቀደሙኝ፦ "ምን ነካህ ልጄ! በዚህ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ አይቀመስም። ይቺም ብትሆን ከእኔ እኩል ነው የምትጾም።"

በማግስቱ ማፍያዬን ሳልነካ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ራውተሩ ጠፋ። እኔ አልሰካሁ፣ ታዲያ ምን አጠፋው? ጨርሶ ግራ ተጋባሁ። ወዲያው ከአማቴ ክፍል ውሃ ሲንፈቀፈቅ ሰማሁ። ባለቤቴ "ደግሞ ማነው የሰካው?" ብሎ ሲጮህ የውሃው ድምፅ ቀጥ አለ።

"እኔ ነኝ፤ ካውያ ሰክቼ ነው" አልኩና ካውያውን ፍለጋ ሮጥኩ።