የማሲንቆው ሲዲ እና የእትዬ ፈለቀች ፊርማ

እስቲ ሳንቡሳውን ለአፍታ አሳርፉልኝ! ወሬውም ረገብ ይበል፤ እትዬ ፈለቀችን ከሥራ ከመሸኘታችን በፊት የምናገረው አለኝ።

እትዬ ፈለቀች እዚህ ስቱዲዮ መዝገብ ያዥ ሆነው የገቡ ዕለት የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። «ሐሩን ኮምፒውተሩን ተከትሎ የመጣ ነው» ትሉኝ የለ? የነገረኝ ኪቦርድ ተጫዋቻችን ቢሩክ ነው። ዘመኑ 1985 ነው። እሳቸው ሃያ ዓመት በመንግሥት መዝገብ ቤት ሠርተው መምጣታቸው ነበር። የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ሙነወር ደረታቸውን ነፍተው ካሴት የሞላውን መደርደሪያ አሳዩአቸው።

«ይኸው፣ የስንት ዘፋኝ ድምፅ እዚህ አለ!»

እትዬ ፈለቀች መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ስንት ነው፣ ስንት?»

ጋሽ ሙነወር ጣታቸውን ቀስረው ከመደርደሪያው ጫፍ መቁጠር ጀመሩ።

«ማን ቆጥሮ ተረከበ? ማንስ ፈረመ?»

ያን ቀን ቀረጻ ቀረ። ሁለት ዘፋኞችና አንድ ከበሮ መቺ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ካሴት ሲቆጥሩ ዋሉ። ከበሮ መቺው በማግስቱ ሌላ ስቱዲዮ ገባ ይባላል።

በ1990 ኮምፒውተሩ መጣ፣ እኔም አብሬው መጣሁ። «እንግዲህ ወረቀት ቀረ!» ብዬ ፎከርኩ። እትዬ ፈለቀች «ጎሽ» አሉኝና በሳምንቱ ባለ ሦስት ቅጂ የርክክብ ወረቀት ከነካርቦኑ ይዘው መጡ። ሕጋቸውን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ዘፈን ከኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት ከበሮው ለብቻው፣ ቤዝ ጊታሩ ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው ኤክስፖርት ተደርጎ ይወጣል፤ ሲዲ ላይ ይጻፋል፤ እስከ መጨረሻው ይደመጣል፤ ከዚያ ይፈረማል፤ የመጨረሻው ፊርማ የእሳቸው ነው። አንዲት ዘፋኝ «የገዛ ድምፄን ፈርሜ ልረከብ?» ብላ ብታኮርፍ «የኔ እመቤት፣ የሰው ድምፅ ቢደርስሽስ?» ብለው አስፈረሟት።

ቢሩክ ደግሞ ለሚቀዳቸው ድምፆች ስም ሲያወጣ አንዱን «ያ ነገር» ሌላውን «ያኛው ነገር» ነው የሚለው። እትዬ ፈለቀች አስጠሩት። «ልጄ፣ ልጅ ስትወልድም እንዲህ እያልክ ነው ክርስትና የምታስነሳው?» አትሳቅ ቢሩክ፣ እስካሁን አልተሻለህም።

ክረምት ሲመጣማ ጉድ ነው። ሰማይ ገና ሲያጉረመርም ከቢሯቸው «ሴቭ አድርጉ! መብራት ሊሄድ ነው!» ይላሉ። እንግዳ ተቀባያችን ሀጀር ምስክሬ ናት። አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ አብረው ሄደው እትዬ ፈለቀች ቅቤ ሲያሸቱ ነጎድጓድ ጓ አለ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው «ሴቭ አድርጉ!» ቅቤ ሻጯ ደንግጣ ሚዛኗን አቅፋ ቁጭ አለች። ሀጀር ይህን ስትነግረኝ ሳቋን መጨረስ አቅቷት ነበር።

ከሁሉ ከሁሉ የምንጨቃጨቀው በዜሮዋ ነበር። እሳቸው ዘንድ ማንኛውም መሣሪያ ሲወጣ ከዘፈኑ መጀመሪያ፣ ከዜሮ ነው የሚነሳው። መሣሪያው የሚገባው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢሆንም ግድ የላቸውም።

«እትዬ ፈለቀች፣ ይሄ እኮ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ምንም የለበትም። ለባዶ ነገር ሲዲ እንፈጃለን?»

«ዝምታውም የዘፈኑ ነው። ቦታውን ይዞ ይቀመጥ።»

እኔ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ስጠጣ በዚህ ስንቴ እንደቀለድኩባቸው አልነግራችሁም።

አሁን ግን ቀልዱን ልተወው። ዛሬ ማይክራፎኑን የለመንኩት አንድ ነገር ለመናገር ነው። ካልተናገርኩት እሳቸው ከዚህ በር ሲወጡ የእኔን ጥፋት ይዘው መውጣታቸው ነው።

ያለፈውን ሐምሌ ታስታውሳላችሁ። ለእንቁጣጣሽ መውጣት ያለበት ካሴት ነበረን፤ ዋናው ዘፈን በጋሽ መኩሪያ ማሲንቆ የተሠራው። ጋሽ መኩሪያ ይኸው ከፊቴ ተቀምጠዋል። ያን ማሲንቆ ከተጫወቱ ከሳምንት በኋላ ነው ቀኝ እጃቸውን ያመማቸው። ድገሙልን ልንላቸው አንችልም ነበር።

የዘፋኟን ድምፅ ጥርት አድርጌ ለመስማት ብዬ የማሲንቆውን ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ ዘግቼው ነበር። ረሳሁት። ሳልከፍተው ሙሉውን ዘፈን በአንድ ላይ ኤክስፖርት አደረግኩ። ዲስኩ ሞልቷል፣ ሌላ ሥራ ተራ ይጠብቃል፤ ሳላዳምጥ ፕሮጀክቱን ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። እትዬ ፈለቀች ለቅሶ ሄደው ነበር። የርክክቡን ወረቀት አወጣሁና በእሳቸው ቦታ፣ በእሳቸው ስም ፈረምኩ።

በማግስቱ ጋሽ ሙነወር እዚሁ ክፍል ሰበሰቡን። ዘፈኑ አለ፣ ማሲንቆው የለም። ወረቀቱን አነሱና «ፈለቀች፣ ይሄን የፈረምሽው አንቺ ነሽ?» አሉ።

የእሳቸው ፊርማ መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ ይጠማዘዛል። የእኔው እንደ ትል ተጋድሟል። እትዬ ፈለቀች አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የኮምፒውተሩን ገመድ ማስተካከል ያዝኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ተነስተው የሲዲውን ቁም ሣጥን በቁልፋቸው ከፍተው አንድ ሲዲ አመጡ። ለቅሶው ከመድረሱ በፊት በነበረው ቀን ማሲንቆውን ለብቻው አውጥተውት ኖሯል። ሁለት ደቂቃ ዝምታ፣ ከዚያ ጋሽ መኩሪያ። ማሲንቆ ከሌለው ዘፈን ጋር እኩል ከዜሮ አስነሳነው፤ ጊዜው ሲደርስ ልክ ቦታው ላይ ገባ። እንቁጣጣሽ ዕለት ከሃያ ሁለት እስከ ቦሌ በየታክሲው የሰማችሁት እሱ ነው።

ካሴቱ ተረፈ፤ እሳቸው ግን በሁላችን ፊት ከመወቀስ አልተረፉም። ጋሽ ሙነወር የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ወስደው ለማን ሰጡት? ለእኔ! ክረምቱን በሙሉ እትዬ ፈለቀች ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው «ሐሩን፣ ቁልፉን ታውሰኛለህ?» ይሉኝ ነበር። አንድም ቀን በሌላ ቃና አላሉኝም። እሱ ነው የገደለኝ።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ለምንድን ነው እኔ ነኝ ያሉት?» አልኳቸው።

«አንተ ጀማሪ ነህ። ያጠፋል የሚል ስም ከወጣብህ ማን ድምፁን አምኖ ይሰጥሃል? እኔ መሄጃዬ ደርሷል።»

እንግዲህ ጋሽ ሙነወር፣ በሰው ፊት ነው የወቀሷቸው፤ በሰው ፊት ልንገርዎት። ያ ፊርማ የእኔ ነው። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ቢሮዎ እመጣለሁ፤ የሚሉኝን ሁሉ እሰማለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ድምፅ ያልጠፋችባቸው ሰው ግን በጥፋተኛነት አይሸኙም።

እትዬ ፈለቀች፣ አይቆጡኝ፤ በዓይንዎ ተቀመጥ እያሉኝ መሆኑን አይቻለሁ። አልቀመጥም። ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሰው መሆንንም ሳያወሩ አስተምረውኛል። በጣም ነው የምወድዎት፤ እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ከማፈሬ የተነሳ ነው።

በሉ ሁላችሁም ተነሱ። አምቦ ውሃም የያዘ፣ ሚሪንዳም የያዘ ብርጭቆውን ያንሳ። ጋሽ መኩሪያ፣ እርስዎ በግራዎ ያንሱልን። እትዬ ፈለቀች፣ ገርጂ ያለው ግቢዎ ይለምልምልዎት፣ የልጅ ልጆችዎ ይደጉልዎት፣ እግርዎን ዘርግተው ያልተጣደፈ ቁርስ ይብሉ። ስምዎን ንጹሕ አድርገው ይዘው ይሂዱ፤ የኔን ጥፋት እዚሁ ለኔ ይተዉልኝ።

ለእትዬ ፈለቀች!